ትልቁ ፊደል ለአመራሩ

«ስህተቱ የማን ነው፣ ጓዲት?»

ይህን የጠየቀኝ የፋብሪካችን የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ፣ ኮምፒዩተሩ ክፍል ውስጥ፣ በካልሲው ቆሞ። በካልሲው የቆመው እዚያ ክፍል ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ስለነበረ ነው። ሐሙስ ዕለት መልሱን አገኘሁትና አፌ ውስጥ ተጣበቀ። እኔ ደግሞ ነገር አፏ ውስጥ የሚጣበቅባት ሰው አይደለሁም። በኔ ምላስ ምክንያት እናቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ስንት ጎረቤት ይቅርታ እንደጠየቀች እሷው ትቁጠረው።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

የተመረቅኩት በስታቲስቲክስ ነው። የሥራ ምደባው በዕጣ ነበር፤ ጓደኞቼ ሰምተውት የማያውቁት አገር እየደረሳቸው ሲያለቃቅሱ ለኔ ኮምቦልቻ ወጣልኝ። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው ኮምቦልቻ ማለት «ሂጂ ቤትሽ» ማለት ነው። ሁሉም እድለኛ ናት አሉኝ። እኔ ግን ከእናቴ ቤት ለማምለጥ አራት ዓመት ሙሉ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ እድሉ አልታየኝም።

አዲስ አበባ ጥቂት ወር የኮምፒዩተር ሥልጠና ሰጡኝና በፋብሪካው አውቶቡስ መመላለስ ጀመርኩ። ጠዋት ደሴ ጭጋግ ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርቤ እሳፈራለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አንዱን አወልቃለሁ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁለተኛውን። ማታ ደግሞ በተራ መልበስ ነው። ዲግሪ ይዤ በቀን አራት ጊዜ ሹራብ ማውለቅና መልበስ ዋና ሥራዬ ሆነ።

ኮምፒዩተሩ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ነው። የተከለው ጀርመናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ወፍራም መጽሐፍ ትቶልን ሄደ፤ በጀርመንኛ። ክፍሉ ከመላው ኮምቦልቻ አንድ ብቻውን ቀዝቃዛ ነበር፤ ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተብሎ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል። አቧራም አይወድም ስለተባለ በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ የኮምፒዩተር ፍቅር ያላደረበት ሰው ጠፋ። ሒሳብ ክፍሉም፣ መጋዘኑም፣ ክሊኒኩም «እስቲ እንዴት ነው የሚሠራው» እያለ ጫማውን እያወለቀ ይገባል። የፖለቲካ ኃላፊው በተለይ ከምሳ በኋላ ይመጣና ወንበር ስቦ፣ ክንዱን አጣምሮ፣ ማሽኑን በጥሞና የሚከታተል መስሎ ያንኮራፋል።

አብረውኝ የሚሠሩት አንዲት ታይፒስት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ እዚህም እትዬ ይሁኑ። ቤታቸው ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፤ በአንድ አውቶቡስ እንመላለሳለን። በአማርኛ ታይፕ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ ሻሻቸው ሸርተት የማይል፣ ጣታቸው የማይሳሳት ሰው ናቸው። አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ይምላሉ። «ወላሂ» ይሉና ኃላፊው መኖሩን ሲያዩ «ማለቴ፣ በአብዮቱ» ይላሉ። ኃላፊው ይህን የንቃታቸው ምልክት አድርጎ ወሰደው።

እትዬ ሌላም ነገር ነበረባቸው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ነገሩኝ። ወንድማቸው በቀይ ሽብሩ ጊዜ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሳቸው ማኅደር ውስጥ አንድ ወረቀት ገብቷል። «አንዱን ወረቀት ተሸክሜ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ ከተጨመረ ግን ሥራዬ ብቻ አይደለም የሚሄደው ልጄ።» ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ።

እንግዲህ ፕሮግራሙ። ሥራው የፈረቃ ድልድል ነው፤ የትኛው ሠራተኛ በየትኛው ፈረቃ የትኛው ማሽን ላይ እንደሚቆም ማውጣት። ፈተላ፣ ሽመና፣ ማቅለሚያ፣ ማጠናቀቂያ፤ አራቱም ክፍሎች ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ዋናው ፕሮግራም እንደ ስም ጠሪ ነው። «ፈተላ» ብሎ ይጣራል፤ ፈተላ የሚባለው ፋይል «አቤት» ብሎ ይመጣል። «ሽመና» ይላል፤ እንደዚያው። አራቱ ተጠርተው ሲመጡ ድልድሉ ይወጣል። ያልመጣ ካለ ስም ጠሪው ዝም ብሎ ይቆማል።

የጻፍኩት አዲስ አበባ፣ የሠለጠንኩበት ቦታ፣ በትንሹ ማሽን ላይ ነው። እዚያ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። በዲስክ ይዤው መጣሁ፤ የኔ ዲስክ የጀርመኑ ማሽን አፍ ውስጥ አይገባም። መጠኑ ሌላ ነው። ስለዚህ በወረቀት ታትሞ ስልሳ ሦስት ገጽ ሆኖ መጣ፤ እትዬ ቁጭ ብለው ከወረቀቱ እያዩ ማሽኑ ውስጥ መተየብ ጀመሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም። የላቲን ፊደሎችን ግን አንድ በአንድ፣ ልክ ሽንብራ እንደሚለቅም ሰው፣ ሳያዛንፉ ያስገባሉ።

በዚህ መካከል ነው ኃላፊው የፊደሉን ነገር ያገኘው።

ከእንቅልፉ ነቅቶ የፊደል ገበታውንና ወረቀቱን ሲያስተያይ ቆየና «ጓዲት፣ ለምንድን ነው ይሄ ፊደል ሁለት ዓይነት መልክ ያለው?» አለኝ።

«አንዱ ትልቁ ነው፣ ካፒታል የሚሉት፤ አንዱ ትንሹ። ትልቁ ለስም መጀመሪያና ለመሳሰለው ነው» አልኩት።

«በኛ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«የለም።»

«አስገራሚ ነው» አለ። አስቡት፤ ይህ ሰው ሥራውን ከጀመረ አንስቶ ለአመራሩ ክብር የሚሰጠው በቀይ እርሳስና በማስመሪያ ነበር። በሰርኩላር ላይ የአመራር ስም ካለ በቀይ ይሰመርበታል፤ የበላይ አመራር ከሆነ ሁለቴ። አሁን ፊደሉ ራሱ ማዕረግ ያለው ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን መመሪያ ወረደ፤ ማኅተም ያለው። «የአመራር አካላትን የሚመለከት ማንኛውም የኮምፒዩተር ፋይል በትልቁ ፊደል እንዲሰየም።» ከታች ደግሞ «ካፒታል የሚለው መጠሪያ ከርዕዮተ ዓለም አኳያ ስለማይስማማ ትልቁ ፊደል እየተባለ ይጠራ» ይላል። የአራቱም ፋይሎቼ የመጀመሪያ መስመር የየክፍሉ አለቃ ስም ነው። ስለዚህ አራቱም አመራር ሆኑ። እኔ ያንን ወረቀት በአንድ ዓይኔ አየሁትና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እንደዚያ ዓይነት ወረቀት በቀን ሦስት ይመጣል።

ሰኞ የሙከራው ቀን ሆነ። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ ማንኛውንም ነገር ሲጠይቁት «ይታያል» የሚል ደግ ሰው ነው። ኃላፊው መጣ። የየክፍሉ አለቆች መጡ። በሩ ላይ የጫማው ብዛት ልክ የጁምዓ ቀን መስጊድ ደጃፍ መሰለ፤ እትዬ አይተው በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ የማስጀመሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ማሽኑ «ፈተላ የሚባል ፋይል የለም» አለ።

የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣሁ። ፈተላ አለ። ሽመናም፣ ማቅለሚያም፣ ማጠናቀቂያም አሉ፤ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል። እንደገና አስጀመርኩ። የለም።

«እዚህ ላይ አለ ይላል» አለ ኃላፊው በጣቱ እየጠቆመ። «እዚያ ላይ የለም ይላል። ማሽኑ ይዋሻል እንዴ?»

«ማሽን አይዋሽም ጓድ» አልኩ፤ ጎበዝ ነኛ።

«እንግዲያው ሰው ነው የሚዋሸው» አለ።

ያቺን አንዲት ጎበዝ መልሴን ዛሬም ድረስ መልሼ ብውጣት እወዳለሁ። ሰውየው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያስበው ስለ ምሳ ነበር።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ አለቆቹን አስከትሎ መጣና ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ። ስህተቱ የማን ነው?

«እየፈለግኩ ነው» አልኩት።

«ፕሮግራሙን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አዲስ አበባ ሠርቷል?»

«ሠርቷል።»

«እዚህ ማሽን ውስጥ ያስገባው ማን ነው?»

ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ግን መልሱ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ዞሮ እትዬን አየ። እትዬ እጃቸውን ከፊደሉ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ኃላፊው ጻፈ። ምን እንደጻፈ ረቡዕ ሰማን፤ «የምርት ፈረቃ ድልድልን ለማሰናከል የተፈጸመ የሚመስል አሻጥር» የሚል ሪፖርት ወደ ክፍለ ሀገሩ፣ ደሴ፣ ሄዷል። ቅዳሜ ከሰዓት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ። እትዬ እዚያ ቆመው በግለ ሂስ ወረቀት ላይ ያነባሉ፣ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ማኅደራቸው ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ወረቀት።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያላደረግኩት ነገር የለም። ገመዱን ሁሉ ነቅዬ ሰካሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፤ አጥፍቼ አበራሁ። የጀርመንኛውን መጽሐፍ ገልጬ ሥዕሎቹን አየሁ። ሁሉም ሥዕል ውስጥ አንዲት ጀርመናዊት ማሽኑን አይታ ትስቃለች፤ ጠላኋት። እትዬ የፈተላን ፋይል ከመጀመሪያው እንደገና ተየቡት። የለም አለ። ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ ቢያርፍስ?» አለ። ከሽመና ክፍል አንድ መካኒክ የዘይት ጣሳ ይዞ መጣ፤ «የትኛው ጋ ነው የሚሽከረከረው?» አለኝ። ተቆጥቼ አስወጣሁት፤ ምስኪን፣ ከሁላችንም በላይ ለመርዳት የመጣው እሱ ነበር።

ኃላፊው ደግሞ አሻጥሩ እንዳይደገም በሩ ላይ አብዮት ጠባቂ አቆመ። ጠባቂው ጠመንጃ ይዞ ውጭ ይቆማል፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበዛበት ጫማውን አውልቆ ገብቶ ውስጥ ይጠብቃል። ጠመንጃ ታቅፎ፣ አውራ ጣቱ ከተቀደደው ካልሲ ብቅ ብሎ። እትዬ ሁለተኛው ቀን ላይ መርፌና ክር ይዘውለት መጡ። «አምጣው እስቲ፣ እኔን እስር ቤት እስክትወስደኝ ቁጭ ከምል» አሉት። ልጁ አፍሮ ሰጣቸው።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ተስፋ ቆርጬ ቁጭ አልኩ። ከጭንቀት ብዛት እንደው ለጨዋታ አዲስ ፋይል ከፈትኩና አንድ መስመር ጽፌ ስሙን ሆጤ አልኩት፤ በላቲን፣ በትንንሹ ፊደል። ከሌላ ቦታ ጠራሁት። መጣ። ደነገጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልመጣልኝም ነበር። እንደገና ጠራሁት፤ ችኮላ ላይ ስለነበርኩ ይሁን፣ የትልቁ ፊደል ቁልፍ ተጭኖ ይሁን፣ አሁን በትልልቁ ነው የጻፍኩት።

የለም አለ።

እጄን ከፊደሉ ላይ አነሳሁ። ሁለተኛ ፋይል ከፈትኩ፤ እሱንም ሆጤ አልኩት፣ ግን በትልልቁ። አዲስ አበባ ያለው ማሽን ቢሆን «ይሄ ስም ተይዟል» ይለኝ ነበር። ይሄኛው ምንም አላለም። ዝርዝሩን ሳወጣ ሁለት ሆጤ ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። ለሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ዝምድናም የላቸውም። ትልቁ ሆጤ ሲጠራ ትንሹ አይሰማም፤ ትንሹ ሲጠራ ትልቁ ዞር ብሎም አያይ።

ከዚያ የራሴን ፕሮግራም ገለጥኩ። ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ጥሪው ሁሉ በትንንሹ ፊደል ነው፤ እኔ አዲስ አበባ እንደጻፍኩት። ፋይሎቹ የተሰየሙት ግን በትልልቁ፤ መመሪያው እንዳዘዘው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱንም ሳያቸው ነበር። ዓይኔ አይቷቸዋል፤ ጭንቅላቴ ግን ልዩነት አይደለም ብሎ አሳልፏቸዋል። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሀ ያው ሀ ነው፤ ቢተልቅም ቢያንስም።

ተነስቼ ጨፈርኩ ማለት ይቻላል። ጠባቂው ጠመንጃውን አጥብቆ ያዘ። «እትዬ፣ አገኘሁት» አልኳቸው፤ ሁለቱን ሆጤዎች እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ስም ጠሪው በትንሹ ይጣራል፣ ተጠሪዎቹ በትልቁ ተሰይመዋል፣ ስለዚህ አይሰሙትም። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ቶሎ ነው የገባቸው። ከኔ በላይ ቶሎ።

«እሱንማ ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«መመሪያው የመጣ ቀን። ወረቀቱን ይዤ መጥቼ፣ 'የፋይሉን ስም በትልቁ ልጻፈው ተብሏል፤ ወረቀትሽ ላይ ግን በትንሹ ነው፤ ግድ የለውም ወይ?' ብዬ ጠየቅኩሽ። አንቺ ሻይ ትጠጪ ነበር። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። 'እንደፈለጉ ያድርጉት እትዬ፣ ለማሽኑ ሁሉም አንድ ነው' አልሽኝ።»

አስታወስኩ። ሻዩን ሳይቀር አስታወስኩ። ሃያ ዓመት ያልተሳሳቱ ሴትዮ ልክ መጠየቅ ያለባቸውን ጥያቄ፣ ልክ መጠየቅ ያለባቸውን ሰው፣ በሰዓቱ ጠይቀዋል። የተማርኩት እኔ ደግሞ የአንድን ማሽን ጠባይ ይዤ ለዓለም ማሽን ሁሉ መለስኩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ማክሰኞ ዕለት ኃላፊው ሲጠይቅ?»

«ማክሰኞ ጥፋቱ ይሄ መሆኑን አንቺም አላወቅሽ፤ እኔ ከየት አውቄ? አሁንም አልናገርም። 'እሷ ናት ያለችኝ' ብል ማን ያምነኛል? ሰበብ ፈለገች ነው የምባለው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አብሽሪ። እኔ ምንም በይ አልልሽም። የሆነውን ግን ሁለታችንም አውቀናል።»

ይሄ አብሽሪ፣ አይዞሽ ማለታቸው፣ ከስድብ ይከፋል።

አርብ ጠዋት ለማስተካከል ተቀመጥኩ። መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ የፋይሎቹን ስም ወደ ትንሹ ማውረድ፣ ወይ ጥሪዎቹን ወደ ትልቁ ማሳደግ። ማውረዱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መመሪያ ስላለ ኃላፊውን አስፈቀድኩ።

«የአመራሩን ፋይል ታወርጃለሽ?» አለኝ።

«ስሙን ብቻ ነው ጓድ።»

«ስም ብቻ ምንድን ነው? ጠሪው ይደግ።»

እሺ፣ ጠሪው ይደግ። ስልሳ ሦስት ገጽ ውስጥ ያሉትን ጥሪዎች አንድ በአንድ እየፈለግን፣ እትዬ በወረቀቱ ላይ እየጠቆሙ እኔ እየለወጥኩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀን። አስጀመርኩት። ፈተላ መጣ። ሽመና መጣ። ማቅለሚያ፣ ማጠናቀቂያ። ድልድሉ በወረቀት እየተንጣጣ ወጣ። ጠባቂው ሳይቀር አጨበጨበ፤ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

በቃ፣ አለቀ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጥኩ። «ሠርቷል» አልኩት። «እንግዲህ የነገው ስብሰባ ላይ የእትዬ ጉዳይ አያስፈልግም።»

ወረቀቱን አየ። ደስ አለው። ከዚያ «ተስተካከለ ማለት ስህተት ነበረ ማለት ነው» አለ።

«ነበረ። አሁን የለም።»

«ሪፖርቱ ደሴ ሄዷል ጓዲት። ስህተት አለ ብለናል። አሁን ባለቤት የሌለው ስህተት ነው ብዬ ልጻፍላቸው?»

«ማሽኑ ነው ይበሉ። አዲስ አበባ ካለው ጋር ጠባዩ አይገጥምም።»

«የወዳጅ አገር ማሽን ነው» አለ በዝግታ፤ ለኔ እያዘነ።

«እሺ። መመሪያው...» ብዬ ጀመርኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። አረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። የዚያን ቀን ከጨረስኳቸው ሥራዎች ሁሉ ያኛውን አለመጨረሴ ነው ያተረፈኝ መሰለኝ።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወንበሩን አስጠጋና እንደ ታላቅ ወንድም አነጋገረኝ። «አንቺ ወጣት ምሁር ነሽ። ለትምህርት ወደ ውጭ ከሚላኩት ዝርዝር ውስጥ ስምሽ አለ፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ታይፒስቷ የተየቡትን ተሳስተው ነው የተየቡት። ግለ ሂሳቸውን ያቀርባሉ፤ እኛም እናርማለን፤ ጉዳዩ ይዘጋል። አንቺ ነገ ስትጠየቂ 'በማስገባት ላይ የተፈጠረ ነው' ትያለሽ። ይሄ ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። እሱ ነው የሚያናድደው። በማስገባት ላይ ነው የተፈጠረው። አንድ ቃል ሳይዋሽ ሰው መሸጥ ይቻላል፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለችኝ። የውጭ ትምህርት ዝርዝር ውስጥ ገብቻለሁ አልኳት። እናቴ ተነስታ ለጎረቤት ልትነግር ወጣች። እኔም ሹራቤን ሳላወልቅ ተኛሁ። አውሮፕላን አሰብኩ፤ ያቺን መጽሐፉ ውስጥ የምትስቀውን ጀርመናዊት አሰብኩ። ከዚያ የእትዬን እጅ፣ ከፊደሉ ተነስቶ ጭን ላይ ሲያርፍ። ደጋግሜ ልተወው ብል አልተወኝም።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወረድን። እትዬ ስለ ወንድማቸው አላወሩም፣ ስለ ሽንኩርትም አላወሩም። ሐረጎ ላይ «ሹራብሽን አታወልቂም?» ብቻ አሉኝ። በርዶኛል አልኩ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነው። መፈክሩ ተባለ፤ እጅ ተነሣ፤ ወረደ። ግለ ሂስ ተጀመረ። ይሄን ያልተቀመጠበት ሰው አያውቀውም፤ ሁሉም ከቤቱ ቀለል ያለች ጥፋት አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። መጋዘን ጠባቂው አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ማርፈዱን አመነ። የሒሳብ ክፍሉ ሰው በመጠን ከመብላት ፈንታ ክበቡ ውስጥ ሁለት ጊዜ መብላቱን ተናገረና ራሱን በጥብቅ ነቀፈ። አንድ የማቅለሚያ አለቃ ጥፋት አጥቶ ባለፈው ሳምንት የተናገረውን ደገመ፤ ማንም አላስተዋለም። እያንዳንዱ ሲቀመጥ ጭብጨባ አለ። ሰው ጥፋቱን ተናግሮ እንዲህ እየቀለለው ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፤ ጥፋቱ የሱ ስላልሆነ ይሆናል።

ከዚያ እትዬ ተጠሩ። ተነሱ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ነው የጻፈላቸው፤ በቀይ የተሰመረበት ቦታ ከሩቅ ይታያል። መነጽራቸውን አወጡ፤ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት። ሊተይቡት እንደቀረበ ረቂቅ ወረቀቱን አቃኑት። ያ ደግሞ ባሰብኝ፤ ሰው እንዴት ቢለምደው ነው።

«ከመነበቡ በፊት» አለ ኃላፊው፤ «ለሥርዓቱ ያህል የባለሙያዋን ቃል እንስማ።» ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ፤ መልሱን አርብ ዕለት ራሱ ሰጥቶኛል። «ጓዲት፣ ስህተቱ የማን ነው?»

ተነሳሁ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ያያል። እትዬ ወረቀቱን እንጂ እኔን አላዩም። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ እንዳዳረሰች ትዝ አለኝ።

«የኔ ነው» አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ። ኃላፊው ብዕሩን ሳያነሳ «በማስገባት ላይ ነው ማለትሽ ነው?» አለ።

«አይደለም። ከመግባቱ በፊት ነው። እትዬ ስሙ እንዲህ ቢጻፍ ግድ የለም ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ እኔ ሻይ እየጠጣሁ፣ ቀና ብዬ ሳላይ፣ ግድ የለም ብያለሁ። ማሽኑን አላውቀውም ነበር፤ የማውቀው መስሎኝ ነው የመለስኩት። ወረቀቱ የሳቸው አይደለም። ወዲህ ያምጡት፤ እኔ ነኝ የምፈርመው።»